ሳጥን የሆነ ፊደል ጠፍቷል ማለት አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፊደሉ ሳጥን ሆኗል፤ ፕሮግራሙ ስለተበላሸ አጥፍቼ እንደገና ልጫነው» የሚለውን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። በስክሪን ላይ በፊደል ቦታ የሚታይ ባዶ ሳጥን የብልሽት ምልክት አይደለም። ጽሑፉ ሳይነካ በቦታው ተቀምጧል፤ የጎደለው ፕሮግራሙ በሚጠቀምበት ፎንት (የፊደላት ቅርጽ ስብስብ) ውስጥ የዚያ ፊደል ቅርጽ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ደጋግሞ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ድካም ብቻ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የስም ዝርዝሩ በሙሉ ሳጥን ሆኖበት ኮምፒውተሩን ፎርማት ሊያደርግ ተነስቶ ነበር። ሁለት መስመር ኮፒ አድርገን ኖትፓድ ላይ ፔስት ስናደርገው ስሞቹ አንድም ፊደል ሳይጎድላቸው ወጡ፤ የፕሮግራሙን ፎንት የግዕዝ ፊደላትን ወደያዘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ስንቀይረው ደግሞ ዝርዝሩ በራሱ መስኮት ላይ ተስተካከለ። ሳጥን ያየ ሰው ሌላ ነገር ከመነካካቱ በፊት ይህን ሙከራ ያድርግ።

ጽሑፍ ሲደበዝዝ ስክሪኑ አርጅቷል የሚሉም አሉ። የማሳያው መጠን 125 ወይም 150 በመቶ ሲደረግ፣ ለዚህ ያልተዘጋጀ ፕሮግራም መስኮቱን በ100 በመቶ ይሥለዋል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም እንደ ፎቶ ስለሚለጥጠው ይደበዝዛል። በዊንዶውስ ላይ ማስተካከያው በፕሮግራሙ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ በሚለው ገጽ ይገኛል። በአዝራር ላይ ተቆርጦ የሚታይ ቃልም ቢሆን፣ አዝራሩ ለአጭር ቃል ተለክቶ ስለተሠራ እንጂ የፎንት ጥፋት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሳጥንን፣ የጥያቄ ምልክትንና የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ያስቀምጣል፤ የትኛው ፊደል በየትኞቹ ባይቶች እንደሚጻፍ የሚወስነው ሥርዓት ኢንኮዲንግ ይባላል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኢንኮዲንግ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በ3 ባይት ይጻፋል፤ «ሰላም» 9 ባይት ይሆናል ማለት ነው። ፕሮግራሙ እነዚህን ባይቶች በምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ካነበባቸው ጭረት ያላት ትንሿ የላቲን «ኤ» (á) በየሦስተኛው ቦታ ትደጋገማለች፤ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 መርጦ እንደገና መክፈት ይመልሰዋል። የጥያቄ ምልክት ግን ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ፊደሉን በማያውቅ ኢንኮዲንግ ሲቀይረው የተካው ነው። የወራት ማስታወሻዋ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ሳለ «ሴቭ» ብላ የዘጋች ሰው ፋይሏን ይዛልኝ መጥታ፣ ከዋናው ጽሑፍ አንዲት ፊደል እንኳ ላተርፍላት አልቻልኩም። መስኮቱ ላይ የጥያቄ ምልክት የሚያይ ሰው ምንም ሳያስቀምጥ ፕሮግራሙን ይዝጋ፤ ከዚያም የዋናውን ፋይል ቅጂ በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ይመልከት።