የኬኒ ሮጀርስ በር ከፋች አልበምና «ሉሲል»

«ኬኒ ሮጀርስ» አሜሪካዊው የካንትሪ ድምፃዊ በራሱ ስም ሰይሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በዩናይትድ አርቲስትስ የሙዚቃ አሳታሚ በኩል ያወጣው አልበም ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮዲውሰሩ ላሪ በትለር ነበር። በእኛ ሀገር ኬኒ ሲነሳ ብዙዎች ቀድሞ የሚያስታውሱት «ዘ ጋምብለር» የተሰኘውን ዘፈኑን ነው። በሩን የከፈተለት ግን ያለ ጥርጥር ይህ አልበም ነው።

ሮጀርስ በ1938 በሂውስተን፣ ቴክሳስ ተወለደ፤ ከስምንት ልጆች አራተኛው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ «ፈርስት ኤዲሽን» በተባለው ባንድ ስም አወጣ። ባንዱ ሲበተን ዕድሜው አርባ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፤ በካንትሪ መንደር ደግሞ ገና እንደ እንግዳ ነበር የሚታየው።

ከአልበሙ ሁለት ነጠላ ዜማዎች ወጡ። የመጀመሪያው «ላውራ» ሊዮን አሽሊ በ1967 ያስወደደው የቆየ ዘፈን ሲሆን፣ በሮጀርስ ድምፅ በካንትሪ ሰንጠረዥ 19ኛ ደረጃ ላይ ቆመ።

ሁለተኛው በ1977 መጀመሪያ የወጣው «ሉሲል» ነው። የደረሱት ሮጀር ቦውሊንግና ሃል ባይነም ናቸው። ታሪኩ የሚጀምረው ቶሊዶ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለ መጠጥ ቤት ነው። አንዲት ሴት የጋብቻ ቀለበቷን ስታወልቅ ያየ ተራኪ ሄዶ አጠገቧ ይቀመጣል። ጥቂት ቆይቶ እጆቹ በሥራ የሻከሩ ግዙፍ ሰው ይገባል። ተራኪው ሊደበድበኝ ነው ብሎ ሲፈራ፣ ሰውየው ግን እየተንቀጠቀጠ ወደ ሚስቱ ዞሮ አራት የተራቡ ልጆችና ሰብል ማሳ ላይ እያሉ ጥላው መሄዷን ብቻ ይነግራታል። በመኸር ሰዓት ሰው የጎደለበት ገበሬ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ አድማጭ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በኋላ ተራኪው ከሴቲቱ ጋር ሆቴል ክፍል ይገባል፤ የባልየው ቃል ግን ከጆሮው አልወጣ ይለዋል፣ ሊያቅፋትም አይችልም። ሮጀርስ ይህን ሁሉ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንደሚያወጋ ሰው ነው የሚዘፍነው።

የእናቱም ስም ሉሲል ነው። ሮጀርስ ሲያወጋ እንደነበረው፣ እናቱ ዘፈኑን ስትሰማ የቤት ገመናዬን አወጣህብኝ ብላ ተቆጥታ ነበር፤ እሱም አንቺ እኮ ያለሽ ስምንት ልጅ ነው ብሎ አረጋጋት።

ዘፈኑ በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥና በብሪታንያ አንደኛ፣ በአሜሪካ አጠቃላይ ሰንጠረዥ ደግሞ 5ኛ ወጣ። የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የ1977 ምርጥ ነጠላ ዜማ አለው፤ በ1978 ሮጀርስን ለግራሚ አበቃው። በዓለም ዙሪያ ወደ 5 ሚሊዮን ቅጂ እንደተሸጠም ይነገራል። በ1978 የመጣው «ዘ ጋምብለር»ም የበትለር እጅ ያለበት ነው።

ከቀሩት ዘፈኖች ብዙ ያልተወራለት፣ ዳላስ ፍሬዚየር የደረሰው «ዘ ሰን ኦፍ ሂከሪ ሆለርስ ትራምፕ» ነው። እዚህ ጥሎ የሚሄደው አባት ነው፤ እናት አሥራ አራት ልጆቿን ለማብላት ገላዋን ትሸጣለች፣ ልጇም ሳያፍርባት በፍቅር ያነሳታል። ሉሲልን ለመውቀስ የቸኮለ አድማጭ በዚያው አልበም ይህንንም ይሰማል።