የተደራጀ ሃይማኖት ምንድን ነው? ለአእምሮና ለኑሮ የሚሰጠውና የሚነሳው

«እምነቱ ጠነከረ» እና «ሃይማኖቱን ቀየረ» የሚሉትን ሁለት አነጋገሮች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው፣ በዕለት ንግግራችን እያቀያየርን የምንጠቀምባቸው ሁለቱ ቃላት አንድ እንዳልሆኑ ቋንቋው ራሱ ያሳብቃል። እምነቱ የጠነከረ ሰው ለውጡ በልቡ ነውና የቅርብ ጎረቤቱም ላያውቅለት ይችላል። ሃይማኖቱን የቀየረ ሰው ግን የሚጸልይበት ስፍራ፣ የሚጾምበት ወቅት፣ ልጁን የሚድርለት ቤተሰብ፣ ሲሞት የሚያርፍበት መቃብር ሳይቀር ይለወጥበታል። የተደራጀ ሃይማኖት የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው፤ እምነት ቀኖና፣ የታወቀ የአምልኮ ሥርዓት፣ አገልጋይና አስተማሪ፣ የአባልነት ወሰን፣ ገንዘብና ንብረት፣ ጥፋት ሲገኝም የሚዳኝበት ደንብ አበጅቶ ተቋም ሲሆን የሚይዘው መልክ ማለት ነው።

የአደረጃጀቱ መጠን እርግጥ ይለያያል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሮም ተነስቶ እስከ ትንሿ ደብር የሚወርድ አንድ የሥልጣን መሰላል አላት። የሱኒ እስልምና እንዲህ ያለ አንድ የበላይ አካል ባይኖረውም መዝሀቦቹ (የሕግ ትምህርት ቤቶቹ)፣ ዑለማዎቹ (ሊቃውንቱ)፣ መስጊዶቹና የወቅፍ (ለበጎ ሥራ የተሰጠ) ንብረቱ ለዘመናት የዘለቀ ሥርዓት ሰጥተውታል። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች አንዳንድ ጉባኤዎች ደግሞ ቄስ እንኳ የላቸውም፤ አባላቱ ተሰብስበው በዝምታ ይቀመጣሉ፤ ሆኖም የስብሰባ ቀንና የጋራ ውሳኔ አላቸው።

ተመራማሪዎችም ሃይማኖትን ሲተረጉሙ በዚሁ ነጥብ ላይ ተለያይተዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1902 ሃይማኖትን የተረጎመው ሰው ለብቻው ሲሆን ከመለኮት ጋር ባለው ስሜትና ልምድ ነበር። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም ግን በ1912 ሃይማኖት ማለት ስለ ተቀደሰ ነገር ያለ እምነትና ድርጊት ሆኖ የሚከተሉትን ሁሉ ወደ አንድ የሞራል ማኅበር የሚያስተሳስር ነው አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሃይማኖት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ለሚለው ጥያቄ የዱርካይም መንገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሰዎች በማስረጃነት የሚጠቅሱት ጥቅምም ሆነ ጉዳት በአብዛኛው የሚመነጨው ከልብ ሳይሆን ከማኅበሩ ነው።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንይ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት 74,534 አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን እስከ 16 ዓመት ተከታትሎ ነበር። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ አምልኮ የሚሄዱት፣ ጨርሶ ከማይሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የታመመ ሰው ከቤቱ መውጣት ስለሚያዳግተው ቀሪውን ከተገኚው ማነጻጸር አሳሳች ሊሆን ይችላል፤ አጥኚዎቹ ይህን በስሌት ለማረም ቢጥሩም እንዲህ ያለው ጥናት ዝምድናን እንጂ መንስኤን በማያሻማ መንገድ አያረጋግጥም። የበለጠ የሚያስተምረው በ2010 የወጣው የቻዩን ሊምና የሮበርት ፑትናም ጥናት ይመስለኛል። እነርሱ እንዳገኙት ወደ አምልኮ ዘወትር የሚሄዱ ሰዎች በኑሯቸው የበለጠ የሚረኩት በዚያው ጉባኤ ውስጥ የቅርብ ወዳጆች ካሏቸው ነው፤ እየሄዱ ወዳጅ የሌላቸው ግን ከማይሄዱት እምብዛም አይለዩም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየሳምንቱ በአንድ ቦታ የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ሁለት ሳምንት ቢቀር ቦታው ባዶ መሆኑን አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ያያል፤ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው በሩን ያንኳኳል። ያ ሰው የመጣው ቀኑና ቦታው የተወሰነ ስለሆነ፣ የሽማግሌው ስምም በአባልነት ስለሚታወቅ፣ የታመመን መጠየቅም ግዴታው እንደሆነ ስለተማረ ነው። ብቻውን በቤቱ የሚጸልይ ሰው ከዚያ ያነሰ እምነት ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን መቅረቱን የሚያስተውልለት የለም።

ለመልካም ሥራ ትምህርት ብቻውን ምን ያህል አቅም እንዳለው በ1973 የታተመ አንድ ሙከራ በሚያስደነግጥ መንገድ አሳይቷል። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንጻ ላኳቸው። ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ እያሳለና እያቃሰተ እንዲቆይ ተደርጓል። ጊዜ ከነበራቸው መካከል 63 በመቶዎቹ ሊረዱት ቆሙ፤ ዘግይታችኋል ተብለው ከተጣደፉት ግን 10 በመቶዎቹ ብቻ። የንግግሩ ርዕስ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም፤ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብኩ እየተጣደፉ ወዳቂውን ቃል በቃል ተራምደውት ያለፉም ነበሩ። በር አንኳኪው ሰው ጊዜ የተመደበለት መሆኑ እንግዲህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ አስተሳሰብ ስንመጣ ሃይማኖትን የሚደግፈውም የሚነቅፈውም ወገን የሥነ ፈለክ ሊቁን ጋሊሊዮን መጥቀስ ይወዳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ታሪኩን የሚጀምሩት ከመሃል ነው። በ1611 ሮም በሚገኘው የኢየሱሳውያን (የአንድ የካቶሊክ ማኅበር) ኮሌጅ የነበሩ የሥነ ፈለክ መምህራን ጋሊሊዮ በቴሌስኮፕ ያያቸው የጁፒተር ጨረቃዎች በእርግጥ እንዳሉ መስክረው፣ እርሱንም በኮሌጁ በክብር ተቀብለውት ነበር። በ1616 ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ባለሥልጣናት ምድር ትዞራለች የሚለው ትምህርት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይጋጫል ብለው ወሰኑ፤ በ1633 ጋሊሊዮ ተፈርዶበት ሐሳቡን በግድ እንዲክድ ተደረገ፤ በ1642 እስኪሞትም የቤት ውስጥ እስረኛ ሆኖ ኖረ። ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ስሕተቱን በይፋ ያመኑት በ1992 ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ያከበረውም ያገደውም አንዱ ተቋም ነበር። ምርምሩ የሰማይ ትዝብት ብቻ በነበረ ጊዜ ተቋሙ ምስክርነትም ክብርም አልነፈገውም፤ መጽሐፉን የመተርጎም ሥልጣን የማን ነው ወደሚለው ሲጠጋ ግን በሩ ተዘጋ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ከ1559 ጀምሮ እስከ 1966 መዝለቁም ከዚሁ ይመደባል። በሌላ በኩል መነኩሴው ሜንዴል በ1866 ያሳተመውን፣ ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ሕግ የደረሰበት በገዳም አትክልት ቦታ አተር እየዘራ ነው፤ ጠፈር እየሰፋ መሆኑን በ1927 የጻፈው ጆርጅ ለሜትርም ቄስ ነበር። «ሃይማኖት አእምሮን ያሥራል» የሚለውም «የሳይንስ እናት ነው» የሚለውም አነጋገር ለዚህ ታሪክ ይጠብበታል።

በሥነ ምግባርም ነገሩ ይኸው ነው። በ1783 የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን እንዲያስቆም አቤቱታ ያቀረቡት ኩዌከሮች ነበሩ፤ በ1845 ደግሞ በአሜሪካ የደቡብ ግዛቶች ያሉ ባፕቲስቶች (የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች) በባርነት ጉዳይ ከሰሜኖቹ ተለይተው የራሳቸውን ኅብረት መሠረቱ፤ ይቅርታ የጠየቁት በ1995 ነው። ሁለቱም የሚያነቡት መጽሐፍ አንድ ነው። ጉዳቱ ከትምህርቱ ይልቅ ከድርጅቱ እንደሚመጣ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን በ2002 በአሜሪካ በቦስተን የካቶሊክ ሀገረ ስብከት የተገለጠው ነገር ነው፤ ሕፃናትን ያጎሳቆሉ ካህናት ለሕግ በመቅረብ ፈንታ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ሲዛወሩ ኖረዋል። እንዲህ አድርጉ የሚል ቀኖና የለም። አለቆቹ ያደረጉት ስሙን የሚጠብቅ ማንኛውም ድርጅት የሚያደርገውን ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ አባላቱ አለቃቸውን መጠርጠር ኃጢአት መስሎ ይታያቸው የነበረ መሆኑ ነው።

በግለሰብ ሕይወት ውስጥም ያው ትምህርት ሁለት ፊት አለው። በ2001 የወጣ አንድ ጥናት 596 በሆስፒታል የተኙ አረጋውያንን ለሁለት ዓመት ገደማ ተከታትሎ፣ «እግዚአብሔር ትቶኛል» ወይም «ይህን ያመጣብኝ ሰይጣን ነው» በሚል ጭንቀት የሚታገሉት ከሌሎቹ ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። አልጋው አጠገብ የሚቀመጠው አገልጋይ ሕመሙን ቅጣት ነው ብሎ ይተርጉመው ወይስ አይዞህ ይበል የሚለው እንግዲህ የዋዛ ጉዳይ አይደለም፤ ይህ ደግሞ ማሠልጠኛው ምን አስተምሮ ላከው ወደሚለው የሚመልስ ጥያቄ ነው።

አንድን ሃይማኖታዊ ተቋም ለመመዘን ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ምን እንደሚያስተምር ነው። እኔ ግን ጥያቄ ያነሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው፣ ሒሳቡን ማን እንደሚያየው፣ የወጣ ሰውም ምን እንደሚያጣ መጠየቅን አስቀድማለሁ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በ1978 በደቡብ አሜሪካዊቷ ጉያና ጫካ ውስጥ ከ900 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የነበሩበት ሃይማኖታዊ ማኅበር መውጫውን ዘግቶ ነበር፤ እንዲህ ያለው እጅግ ብርቅ ነው። የተለመደው በሩ ክፍት ሆኖ ዋጋው ውድ የሆነበት ነው፤ ዋጋውም የሚከፈለው በዚያው ጥቅም በተባለው ነገር ነው። ሃያ ዓመት በአንድ ጉባኤ የኖረ ሰው ወዳጆቹ ሁሉ እዚያው ናቸው፤ እህቱም፣ የሥራ አጋሩም፣ የልጁ ክርስትና አባትም። ማመኑን ያቆመ ዕለት ስልኩ ላይ ካሉት ስሞች ስንቶቹ ነገ እንደሚያነሱለት ይቆጥራል፤ ቆጥሮም ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ሳምንት እንደወትሮው ሄዶ ቦታው ላይ ይቀመጣል።