በአዲስ አበባ ለመኖሪያ ቤት አርክቴክት መቅጠር

በአዲስ አበባ የግል ቤት የሚሠራ ሰው አርክቴክት ጋ የሚሄደው በአብዛኛው ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርብ ፕላን ፈልጎ ነው። የአርክቴክቱ ማህተም ፕላኑ ላይ ካረፈ ባለቤቱና አርክቴክቱ ይለያያሉ፤ ቀሪው የፎርማኑ ነው። ሙያው ግን ከዚህ ሰፋ ይላል።

ድሮ ቤት የአናጢና የግንበኛ ሥራ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ተጨመሩ።

ነገሩን የለወጠው ልደታ ያለው አንጋፋው ሕንፃ ኮሌጅ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ ተቋቋመ። በመጀመሪያ ያስመርቅ የነበረው የሕንፃ መሐንዲሶችን ነው። ከማስተማሩ ጎን ለጎን የአገር ውስጥ የግንባታ ቁሳቁስ ይፈትሽ፣ በአነስተኛ ወጪ ስለሚሠራ ቤትም ያጠና ነበር። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃሎ ዛሬ የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ይባላል። ከተማውን ከቀረጹት አርክቴክቶች ብዙዎቹ የዚህ ግቢ ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከግቢው ውጭም ስመ ጥሮች ነበሩ። ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ነድፏል።

በደርግ ዘመን አዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የግል ቤት ገበያውም ቀዘቀዘ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ በሚሉ ምድቦች ከፈለ። በዚያ አዋጅ ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ምድብ ሐ ይገባ ነበር። ጂ ፕላስ ዋን፣ ማለትም ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ እዚያ አይደርስም ነበር።

ጥሩ አርክቴክት ከስኬች በፊት ካርታውን ይጠይቃል፤ ቦታውንም ሄዶ ያያል። ለሜዳ የተሠራ ፕላን ተቀድቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ሲወርድ ያልታሰበ የድጋፍ ግንብ ያስወጣል። ጥቁር አፈር ያለበት ቦታ ደግሞ ቁፋሮና ሰሌክት ማቴሪያል (በጥቁር አፈሩ ፈንታ የሚሞላ የተመረጠ አፈር) በጀቱን ይበላዋል። ቀጥሎ ስለ ኑሮ ይጠይቃል። ምጣዱ የት ይቀመጣል? ማዕድ ቤት ውስጥ ከሆነ ጭስና እንፋሎቱ በየት ይወጣል? የመብራት መስመሩስ ምጣዱን ይችለዋል? ሰርቪስ ቤት ከሆነስ በዝናብ እንጀራው እንዴት ይገባል? ይህን ሳይጠይቅ የሳሎኑን ስሪዲ (በኮምፒውተር የተሠራ ምስል) የሚያሳይ ሰው ቢጠረጠር አይገርምም።

ራሳቸው ላልነደፉት ፕላን ማህተም የሚያከራዩ እንዳሉ ይነገራል። ክፍያ አንዳንዱ በካሬ፣ አንዳንዱ በጥቅል ይነጋገራል። የትኛው ይሻላል የሚለው ላይ ባለሙያዎቹም አይስማሙም። ክትትል ግን ለብቻው በውል መግባት አለበት። መሠረት ሲወጣ፣ ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ከመሞላቱ በፊት፣ ጣሪያ ሲመታ ማን ሳይት እንደሚገኝ በጽሑፍ ይቀመጥ። ውጭ አገር ሆኖ በዘመድ ውክልና ለሚያሠራ ሰው ይህ አንቀጽ ከፕላኑ እኩል ዋጋ አለው። ብረቱ በኮንክሪት ከተሸፈነ በኋላ በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ ስለ ብረቱ የሚናገረው የለም።