የኦንላይን የወይን ክለብ፦ አባል መሆን ያዋጣል?

በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ከካርድ ላይ ሂሳብ ይቆረጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወይን የሞላበት ካርቶን በር ላይ ይደርሳል። የኦንላይን የወይን ክለብ አሠራር ባጭሩ ይኸው ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ የተለመደ ንግድ ነው፤ በኮሮና ጊዜ ሰው ከቤት መውጣት ሲያቆም ደግሞ ገበያው ደርቶ ነበር።

ሁሉም ክለብ ይባል እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ የራሱ እርሻና መጥመቂያ ያለው አምራች ነው። ሌላው አንድም የወይን ተክል ሳይኖረው የሰው ወይን ገዝቶ የራሱን ስም ለጥፎ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበትም አለ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ወይኑን ማን እንደሠራው በግልጽ የሚናገር ክለብ ገንዘብ ቢወጣበት አይቆጭም። ይህን የሚሸፋፍን ክለብ ግን የመጀመሪያው ካርቶን የቱንም ያህል ቢረክስ ውሎ አድሮ ያስከፍላል።

አጀማመሩ

ሐሳቡ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1874 ለንደን ውስጥ፣ ሮያል አልበርት ሆል በሚባለው አዳራሽ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነበር። የተለያዩ አገሮች የላኩት ወይን አዳራሹ ምድር ቤት ውስጥ ተከማችቶ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። የፖርቱጋል አምራቾች ቅሬታ አሰሙ። ከአዳራሹ አርክቴክቶች አንዱ የነበረው ጄኔራል ሄንሪ ስኮት ወይኑን ለማስተዋወቅ የምሳ ግብዣዎች አዘጋጀ። ግብዣው ተወደደ። ስኮትም ጥሩ ወይን እየገዛ ለአባላቱ የሚሸጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይቋቋም አለ። ዘ ዋይን ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር የተመሠረተው እንዲህ ነው።

ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ዛሬ የሚሸጠው በአብዛኛው በኦንላይን ነው። አባል የሚሆን ሰው 40 ፓውንድ አንዴ ከፍሎ የዕድሜ ልክ አክሲዮን ይገዛል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ግዛ ብሎ የሚጨቀጭቀው የለም። የፈለገ በዓመት አንዴ ያዛል፣ የፈለገ በየሳምንቱ። ትርፍ የሚጠብቅ የውጭ ባለሀብት ስለሌለ ገዢውና ሻጩ አንድ ወገን ናቸው። እቁብና እድር ሲያይ ላደገ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። እንግሊዝ የሚኖርና ወይን የሚወድ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንን ነው።

ከማኅበሩ በኋላ ነጋዴዎቹ መጡ። ቶኒ ሌይትዌይት የሚባል እንግሊዛዊ በ1969 ከፈረንሳይ ቦርዶ በቫን ወይን እየጫነ አገሩ ላሉ ደንበኞች ማድረስ ጀመረ። በ1973 ከሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ጋር ሆኖ ለአንባቢዎች ክለብ ከፈተ። ካሊፎርኒያ ውስጥም በ1972 በየወሩ ወይን በፖስታ የሚልክ ክለብ ተቋቁሞ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ የተጨመረው የካርድ ክፍያውና መጠይቁ ነው።

መጠይቁና ከጀርባው ያለው ነገር

ዊንክ የተባለው የሎስ አንጀለስ ድርጅት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2012 ክለብ ደብሊው በሚል ስም ጀመረ። አዲስ አባል ሲመዘገብ ስለ ወይን ብዙ አይጠየቅም ነበር። ቡና እንዴት ትወዳለህ፣ ጨው ላይ እንዴት ነህ፣ ሎሚና ብርቱካን ደስ ይልሃል ወይ ይባላል። ከመልሱ ተነስቶ ኮምፒውተሩ ጠርሙስ ይመርጣል።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ወይን መደርደሪያ ፊት ቆሞ ግራ ለሚጋባ ሰው ያግዛል። ለእኛ ሰው ግን ግምቱ በቀላሉ ይሳሳታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ጥቁር ቡና የሚጠጣ ሰው ደረቅ (ጣፋጭነት የሌለው) እና ከረር ያለ ቀይ ወይን ይወዳል ተብሎ ቢታሰብ አይገርምም። ያው ሰው ግን ምላሱ ጠጅና አክሱማይት ለምዶ ይሆናል። በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛው ደረቅ ነው። ጣፋጭ የሚወድ ሰው ሳያፍር ጣፋጭ እወዳለሁ ብሎ ይሙላ። ሞስካቶና ጣፋጭ ሪዝሊንግ የተባሉት የወይን ዓይነቶች እንዲላኩለት በስም ይጠይቅ።

ዋናው ጉዳይ መጠይቁ አይደለም። እንዲህ ያሉ ክለቦች የሚልኩት ወይን ብዙ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የሌለ፣ እዚያው ክለብ ብቻ የሚሸጥ ስም ያለው ነው። ወይኑ ከአንድ ትልቅ መጥመቂያ ትርፍ ምርት ላይ በጅምላ ይገዛል፣ ይደባለቃል፣ ይታሸጋል፣ ያማረ ስምና ስዕል ይለጠፍበታል። አንዳንዴ ጥሩ ይሆናል፤ ትልልቅ መጥመቂያዎችም የሚያስመሰግን ወይን ይተርፋቸዋልና። ችግሩ ዋጋውን ከምን ጋር ማወዳደር ይቻላል የሚለው ላይ ነው። 22 ዶላር ያወጣል ተብሎ በ15 ዶላር የቀረበ ጠርሙስ፣ 22 ዶላር ብሎ የሸጠው ሱቅ ከሌለ፣ ቅናሹ የወረቀት ቅናሽ ነው።

ለዚህ አሠራር የአሜሪካ ሕግም አስተዋጽኦ አለው። የአልኮል ክልከላው በ1933 ሲነሳ 21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጉዳዩን ለየክፍለ ግዛቱ ሰጠ። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግራንሆልም በተባለው መዝገብ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ወይን አምራቾች በፖስታ እንዲሸጡ ፈቅደው የሌላውን ክፍለ ግዛት አምራች መከልከል አይችሉም አለ። ከዚያ ወዲህ አምራች የሆነ ድርጅት ወደ አብዛኛው ክፍለ ግዛት መላክ ይችላል። ቸርቻሪ ሱቅ ግን የተፈቀደለት ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በመላ አገሪቱ መሸጥ ለሚፈልግ ክለብ የሌሎችን ታዋቂ ወይን ከመቸርቸር ይልቅ የአምራች ፈቃድ አውጥቶ በራሱ ስም ማሸግ ይቀለዋል።

ጠርሙሱን አዙሮ ማየት

አሜሪካ ውስጥ የታሸገ ወይን ከጀርባው በትንንሽ ፊደል የሚነግረው ነገር አለ። «ፕሮዲውስድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» ካለ፣ ስሙ የተጻፈው ድርጅት ከወይኑ ቢያንስ 75 በመቶውን ራሱ ጠምቋል ማለት ነው። «ኤስቴት ቦትልድ» ካለ ደግሞ የወይን ፍሬው ሙሉ በሙሉ የበቀለው አምራቹ ራሱ በያዘው ወይም በሚቆጣጠረው መሬት ላይ ነው፤ ጠመቃውም እሽጉም እዚያው ቤት ነው። «ሴላርድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» ወይም «ቪንትድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» ከሆነ ግን ድርጅቱ ራሱ ጠምቆታል የሚል ግዴታ የለበትም። የተጠመቀ ወይን ገዝቶ አቆይቶ አሽጎት ሊሆን ይችላል።

«ሴላርድ» ወይም «ቪንትድ» መባሉ ወይኑ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ከማን እንደምንገዛ ግን ይነግረናል። የክለቡ ድረ ገጽ ላይ «የቤተሰብ እርሻ»፣ «ኮረብታማ መሬት» የሚል ወሬ ተጽፎ ጠርሙሱ «ሴላርድ» የሚል ከሆነ ሰው የትኛውን እንደሚያምን ያውቃል። ሌላው ማጣሪያ ቪቪኖ የተባለው አፕ ነው። የጠርሙሱን ፎቶ ሲያነሱት ሌሎች ሰዎች የሰጡትን ነጥብና ብዙ ጊዜ የሱቅ ዋጋ ያወጣል። አንድም ሻጭ ካልመጣ ወይኑ የክለቡ የግል ስም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ሂሳቡ

የመጀመሪያው ካርቶን ብዙ ጊዜ ማጥመጃ ነው። 6 ጠርሙስ በ40 ዶላር፣ ማጓጓዣ ነፃ የሚል ማስታወቂያ የተለመደ ነው። ወደ 7 ዶላር የሚጠጋ ጠርሙስ ርካሽ ነውና ብዙ ሰው ይገባል። ሂሳቡ የሚታየው ሁለተኛው ላይ ነው። ካርቶኑ 90 ዶላር፣ ማጓጓዣው 15 ዶላር ሆነ እንበል። ባጠቃላይ 105፣ ሲካፈል አንዱ ጠርሙስ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወጣበት፤ ታክሱ ገና አልተጨመረም። በዚህ ዋጋ ሰፈር ያለ ደህና የወይን ሱቅ ገብቶ የሚያውቁትን ስም መግዛት ይቻላል። ያውም ባለሱቁን እያማከሩ፣ አንድ ጠርሙስ ብቻ፣ ለዛሬ እራት።

ስለዚህ የሁለተኛው ካርቶን ዋጋ ከመመዝገብ በፊት ይጠየቅ። ድረ ገጹ ላይ ካልተጻፈ እዚያው መተው ነው።

አስቀድሞ የሚከፈልበት ክለብ

ኔክድ ዋይንስ በ2008 እንግሊዝ ውስጥ ኖርዊች ከተማ በሮዋን ጎርምሌይ ተቋቋመ። አካሄዱ ከሌሎቹ ይለያል። አባላቱ «ኤንጀል» ይባላሉ። በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ፣ ለረጅም ጊዜ 20 ፓውንድ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 40 ዶላር፣ በስማቸው ያስቀምጣሉ። ሲፈልጉ በተቀመጠው ገንዘብ ወይን ያዛሉ። ድርጅቱ በዚሁ ገንዘብ ለትንንሽ ወይን ጠማቂዎች አስቀድሞ ይከፍላል። የጠማቂው ስም ጠርሙሱ ላይ አለ። አባላትም ለጠማቂው መጻፍ ይችላሉ፣ መልስም ያገኛሉ። ይህን ወድጄዋለሁ። የራሱ ካፒታል የሌለው ጠማቂ ባንክ ሳይለምን ሥራ የሚጀምርበት መንገድ ነው።

በ2015 ማጄስቲክ የተባለው የወይን ሱቆች ድርጅት በ70 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በ2019 ነገሩ ተገለበጠ፤ ሱቆቹ ተሸጡ፣ የቀረው ድርጅት ኔክድ ዋይንስ ተባለ። በኮሮና ጊዜ አክሲዮኑ ሽቅብ ወጣ። ሰው ወደ ሬስቶራንት ሲመለስ ግን ያልተሸጠ ወይን ተከማቸበትና አክሲዮኑ ከ1 ፓውንድ በታች ወረደ። ዊንክም በኅዳር ወር 2021 ኒውዮርክ ላይ አክሲዮን መሸጥ ጀምሮ ዓመት አልፎት ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ 2022 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ክለቡ ዘንድ የተቀመጠ ገንዘብ የባንክ ተቀማጭ አይደለም፤ የባንክ ዋስትና የለውም። ለሚቀጥለው ትዕዛዝ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

የአምራቹ የራሱ ክለብ

ለእኔ ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ናፓ ወይም ሶኖማ፣ አለዚያም ቨርጂኒያ ያለ መጥመቂያ በዓመት ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ለአባላቱ ይልካል። ቅናሹ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። የትንንሽ መጥመቂያዎች ወይን አከፋፋይ ስለማያነሳው ሱቅ አይደርስም፤ ክለቡ ዋነኛው መንገድ ነው። ናፓ ውስጥ ለአንድ ሰው ቅምሻ 50 ዶላርና ከዚያ በላይ መጠየቅ የተለመደ ሲሆን፣ አባላት ግን ብዙ ቦታ በነፃ ይቀምሳሉ። ኦክላንድና ሳንሆዜ ያለ ወገን እንግዳ ከአገር ቤት ሲመጣለት ወደዚያ የሚወስድ ከሆነ አባልነቱ በሁለት ጉዞ ይካካሳል። አንዴ ጎብኝቶ ስሜት ውስጥ ገብቶ ለፈረመና ከዚያ በኋላ ለማይመለስ ሰው ግን አያዋጣም። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ለቤት እራት ሳይሆን ለበዓል የሚሆን ወይን ነው።

በር ላይ እስኪደርስ

የሚኖሩበት ቦታ ይወስናል። ዩታ በፖስታ ወይን መላክን ትከለክላለች። ሜሪላንድ የፈቀደችው በ2011 ነው፤ እሱም ለአምራቾች። ይህ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበትን ሲልቨር ስፕሪንግን ይመለከታል። ከተማው የሚገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የአልኮል ጅምላ ንግዱን ራሱ ይቆጣጠራል፤ ሱፐርማርኬት ውስጥም ወይን ማግኘት ብርቅ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ላይ ግን ወይን ከዳቦና ከወተቱ ጋር ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሸጣል። እዚያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ክለብ የሚያስፈልገው ልዩ ነገር ሲፈልግ ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሰው ምርጫ የሚያሰፋለት መንገድ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ ፖስታ ቤት አልኮል አይወስድም፤ የሚያደርሱት ዩፒኤስና ፌዴክስ ናቸው። ሲረከቡ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ቤት ተገኝቶ መፈረም አለበት። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ማንም ካልተገኘ ካርቶኑ መኪና ላይ ተመልሶ ይውላል። በሐምሌ ሙቀት የተዘጋ መኪና ውስጥ የዋለ ወይን ይበላሻል፤ ቡሹ ከአፉ ከፍ ብሎ ወይም ወይኑ በጎኑ ፈስሶ ከታየ ሙቀት ነክቶታል። ፎቶ አንስቶ በዚያው ቀን ለክለቡ መላክ ነው፣ ደህና ክለብ ይተካል። ከዚያ የሚሻለው ግን የሙቀቱን ወራት ጭነት ወደ መስከረም ማስገፋት ወይም አቅራቢያ ካለ መረከቢያ ቦታ መውሰድ ነው።

ከክለብ መውጣትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ በኦንላይን የመዘገበ ድርጅት በኦንላይን እንዲያሰናብት ታስገድዳለች። ለመላ አገሪቱ በ2024 ወጥቶ የነበረውን ተመሳሳይ የፌዴራል ደንብ ግን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2025 ሽሮታል። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የመሰረዣውን ገጽ መፈለግ ነው። «ይደውሉልን» ብቻ የሚል ከሆነ ሊይዙን አስበዋል ማለት ነው።

ጾመኛ ቤት አንድ ተጨማሪ ነገር ያስባል። በሁዳዴ 55 ቀን ብዙ ሰው አልኮል አይቀምስም፤ ክለቡ ግን ጾም አያውቅም። አብዛኞቹ አንድ ወር መዝለያ ቁልፍ አላቸው። የሚሠራው ግን ሂሳቡ ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ካርቶኑ አንዴ ከተጫነ መመለሻውን ደንበኛው እንዲከፍል የሚያደርጉ አሉ። ሁዳዴ የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከቅበላው ሳምንት ቀደም ብሎ የክፍያ ቀኑን አይቶ ሁለቱን ወር መዝለል፣ ለፋሲካ የሚሆነውን ደግሞ በጊዜ ማዘዝ ይቻላል።