ድግግሞሽ ምንድን ነው? (ስንት ጊዜ ተላለፈ ማለት አይደለም)

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ሲል ሰማሁት። «የድሮ የሌሊት ሬዲዮ ማስታወቂያዎች ዛሬም ቃል በቃል ትዝ ይሉናል። ድግግሞሻቸው መቶ ነበራ! ድግግሞሽ ዕቃ ይሸጣል ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው። የቀሩት ሁለቱ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ደም ብዛቴን ሲያስነሱት የኖሩ ናቸው። ሥራዬ ለድርጅቶች የማስታወቂያ ጊዜ መግዛት ነው። «ድግግሞሹን 40 አድርግልኝ» የማይለኝ ደንበኛ ብርቅ ነው። 40 ጊዜ ይተላለፍ ማለቱ ነው። የሚመስለው ግን ሰው 40 ጊዜ የሚሰማለት ነው።

ድግግሞሽ የሚለካው በአድማጭ ጆሮ ነው። ማስታወቂያው የደረሰው አንድ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ ሰማው? መልሱ ድግግሞሽ ይባላል። ጣቢያው ስንት ጊዜ ለቀቀው የሚለው ሌላ ቁጥር ነው፣ እሱን ስፖት እንለዋለን። ስንት ሰው ጋ ደረሰ የሚለው ደግሞ ተደራሽነት ነው። (የሬዲዮ መሐንዲሶችም በኸርዝ የሚቆጥሩትን ነገር ድግግሞሽ ይሉታል። ቃሉን ከእኛ በፊት ስለያዙት ከእነሱ ጋር አልከራከርም።)

መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አስቡ። ከጠዋት እስከ ማታ 12 ጊዜ ጀበና ጣደች እንበል። 12 ሲኒ የጠጣ ሰው አለ? አላፊ አግዳሚው አንድ ሲኒ ፉት ብሎ ይሄዳል። የፊት ለፊቱ ሱቅ ባለቤት ሦስቴ ይመጣል። አጠገቧ የቆመው የመኪና ጠባቂ ግን ከእያንዳንዱ ጀበና ይቀምሳል። ስፖት ማለት የተጣደው ጀበና ነው። ድግግሞሽ ማለት ሰውዬው የጠጣው ሲኒ ነው። ደንበኛዬ ጀበና እየቆጠረ ነው ሲኒ ቆጠርኩ የሚለኝ።

አሁን ጀበናውን ወደ ሌሊት እንውሰደው። አንድ ሰፈር ውስጥ 10 ሰው አለ። ሌሊቱን 12 ስፖት ተላለፈ። አራቱ ተኝተዋል። ዘበኛው ሬዲዮኑን ጉያው ሥር አድርጎ 12ቱንም ሰማ። የላዳው ሹፌር 7 ሰማ። እንቅልፍ ያጣች አንዲት ሴት 2 ሰማች። ሦስት ሰዎች ደግሞ ከመተኛታቸው በፊት አንድ አንድ ሰሙ። ድምሩ 24 ነው። የሰማው ሰው 6። ስለዚህ ድግግሞሹ 4 ነው፤ 12 አይደለም። ልብ በሉ፣ 4 ጊዜ የሰማ ሰው ደግሞ አንድም የለም! አማካይ ቁጥር እንዲህ ነው የሚያታልለው። ለዚህ ነው እኔ ሪፖርት ስጽፍ ከአማካዩ ሥር ክፍፍሉን ካላስገባሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ። አንብቦልኝ የሚያውቅ ደንበኛ ግን የለም።

ወደ ድሮዎቹ ማስታወቂያዎች ልመለስ። በእንግሊዝ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን «ኬንሻም» ብትሏቸው ብዙዎቹ ሳያስጨርሷችሁ ፊደሉን ይቆጥሩላችኋል፦ «ኬይ፣ ኢ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኤም!» ብሪስቶል አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ያስታወቃት ሆራስ ባቸለር የሚባል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከሉክሰምበርግ ወደ እንግሊዝ ያሰራጭ በነበረው ሬዲዮ ሉክሰምበርግ ማስታወቂያውን በገዛ ድምፁ ያነብ ነበር። የሚሸጠው «ኢንፍራ ድሮው» ያለውን ዘዴ ነው። ከሳምንቱ የእግር ኳስ ጨዋታዎች አቻ የሚወጡትን ለይቶ በውርርድ ለማሸነፍ ይረዳል ተብሎ። ያኔ ቢቢሲ ማስታወቂያ የለውም። ሕጋዊ የንግድ ሬዲዮ በብሪታንያ የተጀመረው በ1973 ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሲመሽ መካከለኛ ሞገድ 208 ሜትር ላይ ሉክሰምበርግን ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኖ።

ለምን ማታ? ቀን ቀን የመካከለኛ ሞገድን የሚውጠው የአየር ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳል። ሞገዱ ከዚያ በላይ ካለው ንብርብር ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። ይወርዳል እንጂ አይረጋም። ድምፁ ይመጣል፣ ይሰምጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ በዚህ መሀል ገዢው ደብዳቤ የሚልክበትን አድራሻ መንገር አለባችሁ። የከተማዋ ስም ደግሞ እንደሚነበበው አይጻፍም። እርሳስ ፈልጎ እስኪያገኝ ሰውየው ጊዜ ይፈልጋል። ባቸለር ፊደል የቆጠረው፣ ደግሞ ደጋግሞ የቆጠረው፣ ደብዳቤው እንዲደርሰው ነው። እኛም አገር አስተዋዋቂው ስልክ ቁጥሩን ጠርቶ «እደግመዋለሁ» የሚለው ለዚሁ ነው። ይኼ በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ ያለ መደጋገም ነው። ከድግግሞሽ ጋር ዝምድናቸው የስም ብቻ ነው።

አሜሪካም ይኸው ነበር። ናሽቪል ከተማ ያለው ደብሊው ኤል ኤ ሲ የተባለ ሬዲዮ ጣቢያ በ50,000 ዋት ኃይሉ ሌሊት ሌሊት ከአገር አገር ይሰማ ነበር። የፀጉር ቅባት፣ በፖስታ የሚላክ የሙዚቃ ሸክላ፣ 100 ጫጩት በአንዴ ሳይቀር ያስተዋውቅ ነበር። ሰው ዛሬም ስለ ጫጩቶቹ ያወራል።

አስተያየት ሰጪው እዚህ ጋ «ይኸው! አልረሱትም!» ይለኛል። አዎ፣ አልረሱትም። ግን ጫጩት ገዙ ወይ? ኬንሻምን ፊደል በፊደል የሚጠራው ሰውዬ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ከነበረ፣ በየትኛው ገንዘቡ ነው የተወራረደው? (ባቸለር አላተረፈም እያልኩ አይደለም። ለዓመታት ጊዜ ሲገዛ የኖረ ሰው ነው፣ ከአዋቂዎቹ ደብዳቤ ባይመጣለት ኖሮ ባቆመ ነበር።) ደግሞስ የረሳናቸውን ማን ቆጠራቸው? እኩል የተደጋገሙ፣ አንድም ቃላቸው ያልቀረ ስንትና ስንት ማስታወቂያ አለ። የሚታወሰውን ብቻ ሰብስቦ «መደጋገም ያስታውሳል» ማለት ሎተሪ የደረሳቸውን ብቻ ጠይቆ «ሎተሪ ያበለጽጋል» እንደማለት ነው።

የሌሊት ማስታወቂያ የሚደጋገመው በአብዛኛው የሌሊት አየር ርካሽ ስለሆነ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግር ብዙ የለም፣ ክፍት ቦታ ሞልቷል፣ ያለው አንዱ ማስታወቂያ ይሽከረከራል። የሰማው ሰው ጥቂት ነው፣ ያ ጥቂት ግን ደጋግሞ ሰማው። ትዝታው የበረታውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ስንት ጊዜ ይበቃል ታዲያ? እዚህ ጋ «ሦስት» የሚል ሌላ ወገን አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኸርበርት ክሩግማን የተባለ ተመራማሪ ሦስት ጊዜ ሊበቃ ይችላል ብሎ ጻፈ። ጽሑፉን ያላነበበ ሁሉ «ሦስት ስፖት ይበቃል» ብሎ ይጠቅሰዋል። ክሩግማን ያለው ሌላ ነው። ነገሩ እንደ አቦል፣ ቶናና በረካ ነው። በመጀመሪያው ሰውዬው «ምንድን ነው ይሄ?» ይላል። በሁለተኛው «ለእኔ ምኔ ነው?» ይላል። ሦስተኛው ማስታወሻ ነው። እሱ እንደሚለው በአእምሮ ደረጃ አራተኛ የሚባል የለም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሦስተኛው ድጋሚ ነው። በረካው ላይ ውኃ እየጨመሩ መቅዳት በሉት። ለነገሩ ቡናው እዚህ ጋ ያንሸራትተኛል። ቡና የጠጣ ሰው መጠጣቱን ያውቃል። ሬዲዮ ግን እየጮኸ የማይሰማ ሰው አለ። 20 ጊዜ ጆሮው ሥር አልፎት ገና አቦል ላይ ያለ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ሦስቱ የስፖት ቁጥር አይደለም፣ የቀን ቁጥርም አይደለም። ክሩግማን ደግሞ በዋናነት የሚያወራው ስለ ቴሌቪዥን ነበር። ይህችን ማስጠንቀቂያ ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ሳልናገር አላልፍም።

የግቢያችን ዘበኛ አዛውንት ናቸው። አንድ ማታ በር ሲከፍቱልኝ አንድ ማስታወቂያ ከሬዲዮኑ ጋር እኩል እያሉ ነው። መግቢያው፣ ዜማው፣ የሴትየዋ ሳቅ፣ ሁሉም አለ። ስልክ ቁጥሩን እንኳ ከአስተዋዋቂው ቀድመው ጠሩት።

«ጋሼ፣ የምን ማስታወቂያ ነው?» አልኳቸው።

ሬዲዮኑን ዝቅ አደረጉ። ትንሽ አሰቡ። «የቀለም መሰለኝ ልጄ» አሉ። «ወይስ የቆርቆሮ?»

የሴራሚክ ነበር።

በማግስቱ ይህንኑ ለአንድ ደንበኛዬ ነገርኩት። የግንባታ ዕቃ ነው የሚሸጠው። ቤት የሚሠራ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሬዲዮ አያዳምጥም፣ 40ውን የሌሊት ስፖት ተውና በዚያው ብር ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ 10 እንግዛ አልኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ከ40 ወደ 10?» አለኝ። «ድግግሞሹን ገደልከው እኮ!»

እስካሁን አልተስማማንም። ሐሙስ ደግመን እንገናኛለን።