አህያዋን የሚስበው ሽማግሌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ለምናስብበት ለቁስቋም በዓል እንኳን በሰላም አደረሳችሁ። ከበዓሉ በፊት ያለውን የጽጌን ጾም የጾማችሁ፣ ሌሊቱን በማኅሌት የቆማችሁ፣ በረከታችሁ ይድረሰን።

ስለ በዓሉ ብቻ ልጽፍ ነበር ያሰብኩት። ግን የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ሁሉ አክስቴ ቤት ተሰበሰበ። ጽጌን ጾማ የከረመች ናትና ዶሮው ደርሷል፣ ቡናው ተፈልቷል። ቴሌቪዥኑም እንደ ልማዱ በርቷል፤ አማርኛ ፊልም ነው። ሚስት ሐኪም ናት። ባል ሥራ ፈቷል። አንድ ቀን አምሽታ ገባች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በጥፊ አጮላት። ሙዚቃው ጎላ አለ። ቀጥሎ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷው ሆና አረፈችው፣ ራቱን በትሪ ይዛ።

«እሰይ! ልኳን አሳያት» አለ አጎቴ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። ዞር ስል የእህቴ ልጅ ጥፊውን በአየር ላይ ይለማመዳል። ስምንት ዓመቱ ነው። እጁን ወደ ኋላ ይሰበስብና ጷ! እንደገና ጷ! ታናሽ እህቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ፈንዲሻ ትበላለች።

ይኸው አጎቴ ጠዋት በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ «ሴቶቻችንን ያበላሸብን ፊልም ነው» ሲል ነበር።

ይህን ንግግር ከስንት ምእመን ሰምቻለሁ! ተበላሸች የምንላት ግን የትኛዋን ነው? መኪና የምትነዳዋን፣ ደመወዟ ከባሏ የሚበልጠውን፣ «አይሆንም» ያለችውን። ጥፊው ከብልሽት አይቆጠርም። ፊልም ሠሪዎቹም ይህን ጠባያችንን ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሴት ነው የሚያሳዩን፤ አንዷ አልቅሳ የምትችል ጭምት፣ ሌላዋ ገንዘብና ዕውቀት ያላት ኩራተኛ። ኩራተኛዋ መጨረሻ ላይ «ትሰበራለች»፣ እኛም እናጨበጭባለን። ወንዱስ? የሚቆጣ፣ የሚቀና፣ የሚማታ ነው። ቅናቱን ፍቅር ብለው ይሸጡልናል። በትርጉም የሚመጡት የውጭ ድራማዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ፤ ወደ አረጋዊው ዮሴፍ። «እጮኛዋ ዮሴፍም ጻድቅ ሆኖ ሊገልጣት ስላልወደደ በስውር ሊተዋት አሰበ» ይላል ማቴዎስ፣ ምዕራፍ 1 ቁጥር 19። እዚህች ቁጥር ላይ ትንሽ ቆዩ። ዮሴፍ ገና መልአኩን አላየም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደራ የተቀበላት ድንግል ፀንሳለች። ሕጉ በእጁ ነው። ዘዳግም 22ን አንብቡት፤ ታጭታ ከሌላ ሰው ጋር በተገኘች ልጅ ላይ የሚፈርደው በድንጋይ እንድትወገር ነው። አንድ ጊዜ አደባባይ ወጥቶ ቢጮህ መንደሩ ሁሉ ከጎኑ ይቆም ነበር። የእኛ ፊልም ቢሆን ይህን ጊዜ ሙዚቃው ይጎላል፣ በር ይበረገዳል፣ ጥፊ ይከተላል። ዮሴፍ ግን በልቡ የታመመውን በልቡ ይዞ እሷን መሸፈኛ መንገድ ፈለገ።

ወንጌላዊው ደግሞ «ጻድቅ» ያለው እዚሁ ላይ ነው። ማጋለጥ እየቻለ ስለ ሸፈነ ጻድቅ ተባለ። በአራቱም ወንጌል ዮሴፍ የተናገረው አንዲት ቃል እንኳ አልተጻፈልንም። ሲነሣ፣ ሲሄድ፣ ሲታዘዝ ብቻ ነው የምናየው።

የስደቱን ሥዕል ታውቁታላችሁ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አህያዋ ላይ ተቀምጣለች። አብራቸው የተሰደደችው ሰሎሜ ስንቅ ተሸክማለች። ሽማግሌው ዮሴፍ አህያዋን እየሳበ በእግሩ ይሄዳል። እኛ አገር ሴትን ከአህያ አዳብሎ ለሁለቱም ዱላ የሚያዝዝ ተረት አለ፤ ሳድግ ሰምቼዋለሁ፣ እናንተም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር ያ ተረት ይመጣብኛል። ሴትም አህያም እዚያ አሉ። የሽማግሌው በትር ግን የራሱ መመርኮዣ ነው።

ፊልም ሁሉ ይህን ያስተምራል ማለቴ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው «ድፍረት» ከእውነተኛ ታሪክ የተነሣ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድላለች። በኋላ ፍርድ ቤት ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናብቷታል። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሽማግሌ ሆኖ ካሣ የቆረጠው፣ ልጅቱን መልሶ ለጠላፊዋ የሸኘው ማን ነበር? ከመካከላቸው እንደ እኔና እንደ እናንተ ማዕተብ ያሰረም ነበር። እኛ ልንገልጠው የሚገባንን ነውር ካሜራ ቀድሞን ሲገልጠው ያሳዝነኛል።

የሴት መምራት ከፊልም የመጣ አዲስ ነገር ለሚመስላቸው ደግሞ፣ ጎንደር ያለውን ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው አገር አስተዳድረዋል። በዓሉን እያከበርን ይህን መርሳታችን ይገርማል።

ወንድሞቼ፣ ኤፌሶን 5ን «ሚስቶች ሆይ፥ … ለባሎቻችሁ ተገዙ» እስከሚለው እስከ ቁጥር 22 አንብበን የምንዘጋው ለምንድን ነው? ቁጥር 25 ባልን እስከ መስቀል ይወስደዋል፤ «ክርስቶስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት»። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጉም፣ ሚስት ምንም ብታጠፋ እጅ የሚያስነሣ ጥፋት የለም ብሎ አስተምሯል። ከ1600 ዓመት በፊት ማለት ነው። እኛ ገና ሶፋ ላይ ተቀምጠን «እሰይ» እንላለን።

እኅቴ፣ ላንቺ ደግሞ ሌላ ቃል አለኝ። «ቻይው፣ መስቀልሽ ነው» ተብለሽ ወደ ዱላው የተመለስሽ እንዳለሽ አውቃለሁ። ከእናንተ አንዳንዶቹ ነግረውኛል፤ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ዝም ያልኩበት ቀንም አለ፣ ይቅር በሉኝ። ያንን ምክር የሰጡሽ ሰዎች ለትዳርሽ አስበው ይሆናል። ግን በቁስቋም በዓል የምናስበው ስደትን ነው። መልአኩ ለዮሴፍ «ቻል፣ እዚሁ ሁን» አላለውም። «ተነሣ፥ ሕፃኑንና እናቱንም ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ» ነው ያለው። እመቤታችንም ልጇን ታቅፋ በሌሊት ሸሽታለች። ለንስሐ አባትሽ በግልጽ ንገሪ። እጁን ካነሣብሽ ለፖሊስም ተናገሪ፤ ኃጢአት አይሆንብሽም። በሌሊት መውጣት ቢኖርብሽ እንኳ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። በዚያ መንገድ ካንቺ በፊት የሄደች አለች።