የነዳጅ ንግድ የዋጋ ድንጋጤን ከአገር ወደ አገር የሚያሻግርበት መንገድ

ዓለም በየቀኑ 100 ሚሊዮን በርሜል ገደማ የነዳጅ ዘይት ይጠቀማል። አብዛኛው ድፍድፍ ዘይት የሚሸጠው እንደ ብሬንት (የሰሜን ባሕር ድፍድፍ ዘይት ዋጋ) ካሉ መነሻ ዋጋዎች ጋር በተያያዘ ውል በመሆኑ፣ አንድ አገር ከጎረቤቱም ይግዛ ከሩቅ፣ ሂሳቡ በዚያው ዓለም አቀፍ ዋጋ ይሰላል። ስለዚህ አቅርቦቱ ከተቋረጠው ሻጭ አንድ በርሜል ገዝቶ የማያውቅ አገር እንኳ ከጭማሪው አያመልጥም፤ ነዳጅ የጎደለባቸው ገዢዎች ወደ ሌሎች ሻጮች ሲዞሩ በቀረው ላይ ሽሚያ ይነሳልና። መኪናና መርከብ በአንድ ጀምበር ሌላ የኃይል ምንጭ ስለማያገኙም፣ ጥቂት ጉድለት ዋጋውን እጅግ ያንረዋል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች እስራኤልን በደገፉ አገሮች ላይ ማዕቀብ ጥለው ምርታቸውን ሲቀንሱ፣ 3 ዶላር አካባቢ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። የማዕቀቡ ዒላማ አሜሪካና ኔዘርላንድስን የመሳሰሉ አገሮች ቢሆኑም ጭማሪው ሁሉንም አዳረሰ። በ1974 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኢነርጂ ኤጀንሲ፣ ነዳጅ ከውጭ የሚያስገቡ አባላቱ ቢያንስ የ90 ቀን የተጣራ ግዢያቸውን (ከሚያስገቡት ላይ ወደ ውጭ የሚልኩት ተቀንሶ የሚቀረውን) የሚያህል ክምችት እንዲይዙ ያስገድዳል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የሌላቸው አገሮች ግን ይህ መከታ የላቸውም።

የተፈጥሮ ጋዝ ንግድ ለረጅም ጊዜ በቧንቧ መስመር የተወሰነ ስለነበር፣ የአንዱ አካባቢ ችግር ሌላውን እምብዛም አይነካም ነበር። ጋዙ ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ሆኖ ይዘቱ 600 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ በመርከብ መጫን ተቻለ፤ መርከቡም የተሻለ ዋጋ ወዳለበት ወደብ አቅጣጫውን መቀየር ይችላል። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ወደ አውሮፓ የምትልከውን የቧንቧ ጋዝ ስትቀንስ፣ የአውሮፓ ገዢዎች ከፍተኛ ዋጋ እየሰጡ ጭነቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፓኪስታን ላወጣችው የጋዝ ግዢ ጨረታ አንድም አቅራቢ አልቀረበም፤ የኤሌክትሪክ መቆራረጡም ተባባሰ። በጦርነቱ እጃቸው የሌለበት ቤተሰቦች በጨለማ መቀመጣቸው የዚህ ንግድ ከባዱ ኢፍትሐዊነት ነው። ጋዝ የናይትሮጂን ማዳበሪያ ጥሬ ዕቃም ስለሆነ ጭማሪው እስከ እርሻ ማሳ ይደርሳል።

ድንጋጤው በተቃራኒውም ይሠራል። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው ብሬንት በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ፣ ናይጄሪያና አንጎላ የመንግሥት ገቢያቸው ተመናምኖ ለከባድ የውጭ ምንዛሬ እጥረት ተዳረጉ።